«ራሴን ጠላሁ» እና «ራሴ አስጠላኝ» አንድ ናቸው?

ጥያቄ፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። አንድ ታሪክ እየተረጎምኩ ቃል ቸገረኝ። ባለታሪኩ ጓደኛውን አሳልፎ ይሰጣል። ማንም አላወቀበትም። ብቻውን ሲሆን ግን በራሱ ላይ ክፉ ስሜት ይመጣበታል። ቁጣ አለበት፣ እፍረት አለበት፣ ንቀትም አለበት። «ራሱን ጠላ» ብዬ ጻፍኩና አልጣመኝም። «ራስ ጠልነት» የሚል ቃልም የሆነ ቦታ አይቻለሁ። ለዚህ ስሜት ቁርጥ ያለ አንድ ቃል አለን? ከሌለንስ ምን ልበል?

መልስ፦

እህቴ፣ ሁሉን ጠቅልሎ የሚይዝ አንድ ቃል የለንም። ይህ ግን ጉድለት አይመስለኝም። ያሉን ቃላት ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም የስሜቱን የተለየ ጎን ይይዛሉ። የሚያሳስበኝ ሁሉንም «ራስን መጥላት» እያልን በአንድ ስም መጥራታችን ነው። ያን ጊዜ የተጸጸተውም፣ ያፈረውም፣ የታመመውም አንድ ይመስላሉ።

መጀመሪያ «ራሱን ጠላ» ለምን እንዳልጣመሽ እንይ። «ጠላ» አድራጊ ያለው ግስ ነው። «ጠላሁ» ስል የምጠላው እኔ ነኝ፤ ነገሩ አቋም ይመስላል። ጥላቻ ደግሞ ይከርማል። «ጠላት» የሚለው ስም የወጣው ከዚሁ ግስ ነው። ስለዚህ «ራሱን ጠላ» ብለሽ ስትጽፊ አንባቢው የሚረዳው ሰውየው ለራሱ ጠላት እንደሆነ ነው። የአንድ ምሽት ስሜት አይመስለውም።

አሁን «ራሱ አስጠላው» በይ። ሰውየው አድራጊ መሆኑ ቀረ። ስሜቱ መጣበት። «ራበኝ»፣ «ናፈቀኝ»፣ «ጨነቀኝ»፣ «ከፋኝ» እንደምንለው ማለት ነው። አማርኛ የውስጥን ነገር ሲናገር ብዙ ጊዜ ሰውየውን ተቀባይ ያደርገዋል። ፈልጎ ያመጣው አይደለማ! «ዛሬ ራሴ አስጠልቶኛል» የሚል ሰው ነገ ሊያልፍለት ይችላል። «ራሴን እጠላለሁ» የሚለው ግን ስለ ኑሮው እየነገረሽ ነው። ሁለተኛውን ስሰማ እኔ እደነግጣለሁ።

«ራስ ጠልነት»ን አልመክርሽም። «ጠል» በዚህ አገባቡ የፖለቲካ ክርክር ቃል ሆኗል። አንዱ ሌላውን በጥላቻ ሲከስ የሚለጥፍበት ነው። ብቻውን ተቀምጦ ለሚብሰለሰል ሰው ሲሰጡት ክስ ይመስላል። የገዛ ወገኑን ወይም ቋንቋውን ለሚንቅ ሰው ሊሆን ይችላል። ያ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

አስተያየት፦

እኔ ትንሽ አልስማማም። «ራሴን ጠላሁት» እኮ ለትንሽ ነገርም እንላለን። ቁልፍ ረስቼ ስወጣ «ኡፍ! ዛሬስ ራሴን ጠላሁት» እላለሁ። ማንም ለራሴ ጠላት ሆንኩ ብሎ አይረዳኝም።

መልስ፦

ልክ ነህ፣ በንግግር አለ። ግን ያልከውን ቃል ልብ በል፤ «ጠላሁት» ነው ያልከው። «ት»ዋ ነገሩን አንድ ጊዜ ወደሆነ ነገር ትስበዋለች። «ዛሬስ» የሚለውም ይረዳታል። ድምፅህም አለ። በጽሑፍ ላይ ድምፅ የለም። «ራሱን ጠላ» ብቻውን ሲጻፍ ያ ማጋነን ይጠፋና ቃሉ ሙሉ ክብደቱን ይዞ ይቀመጣል።

«የተወለድኩበትን ቀን ረገምኩ»ም እንዲሁ ነው። ዛሬ ትራንስፖርት ያመለጠውም ይለዋል። መነሻው ግን ኢዮብ ነው። ልጆቹን፣ ሀብቱንና ጤናውን ካጣ በኋላ የረገመው ቀኑን ነው እንጂ ራሱን አይደለም። በታሪኩ መጨረሻ ስለ ራሱ ሲናገር ደግሞ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የምናገኘው ግስ «ናቀ» ነው። «ጠላ» አይደለም። በራስ ላይ ሲሆን «መናቅ» እና «መጥላት» ምን ያህል እንደሚራራቁ ከዚህ ይታያል። የናቀ ሰው ራሱን አሳንሶ አየ። የጠላ ሰው የራሱን ክፉ ይመኛል።

ወደ ጥያቄሽ ስመለስ፣ «በ» እና «ለ»ን ሳንነካ ማለፍ የለብንም። በእነዚህ ሁለት ፊደሎች ብዙ ነገር ይለወጣል።

«ለራሴ አዘንኩ» ማለት ራሴ አሳዘነኝ ነው፤ የተበደለው እኔ ነኝ። «በራሴ አዘንኩ» ማለት ግን ከራሴ የጠበቅሁትን አጣሁ ነው፤ የበደለው እኔ ነኝ። አንዱ ርኅራኄ ነው፣ ሌላው ወቀሳ። ከመጀመሪያው ጋር የሚሄደው «ሆድ ባሰኝ» ነው። ሆድ የባሰው ሰው ራሱን አልጠላም፤ እንዲያውም ለራሱ አልቅሷል። ብዙ ተርጓሚዎች እዚህ ላይ ሲደናገሩ አያለሁ።

«አፈረ»ን ደግሞ እዩት። «አፈርኩህ» ማለት ፊትህ ቀና ማለት ከበደኝ ነው፤ አክብሮት አለበት። «አፈርኩብህ» ማለት ሥራህ እኔንም አሳፈረኝ ነው። «አፈርኩልህ» ማለት አንተ ማፈር ሲገባህ ባንተ ፈንታ እኔ አፈርኩ ነው። በራስ ላይ ሲመጣ የሚሠራው «በ» ነው፤ «በራሴ አፈርኩ» እንላለን። ያሳፈረውም ያፈረውም አንድ ሰው ሲሆን ባንተ ፈንታ የሚለው «ለ» ቦታ ያጣል።

አስተያየት፦

በዚሁ ላይ እኔ የምጨምረው አለ። የሥነ ልቦና ተማሪ ነኝ። ጥፋተኝነትና እፍረት እየተባሉ ሁለት ስሜቶች ተለይተው ይጠናሉ። አሜሪካዊቷ ሄለን ብሎክ ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1971 ያስቀመጠችው ልዩነት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። በጥፋተኝነት ስሜት ዓይናችን የሚያርፈው በሠራነው ነገር ላይ ነው። በእፍረት ግን በሠሪው፣ ማለትም በራሳችን ላይ ነው። «ያን ማድረግ አልነበረብኝም» እና «ምን ዓይነት ሰው ነኝ» እንደማለት ነው። በአማርኛ ይህን የሚለዩ ቃላት አሉን?

መልስ፦

አሉን፤ ጥሩም ተለይተው ተቀምጠዋል።

ዓይናቸው በሥራው ላይ የሆነው «ጸጸት» እና «ቁጭት» ናቸው። ሁለቱም ሰውን ተቀባይ ያደርጉታል፤ «ይጸጽተኛል»፣ «ይቆጨኛል» እንላለን። ግን አይተካኩም። «ስለሰደብኩት ይጸጽተኛል» ይባላል። «ባለመማሬ ይቆጨኛል» ይባላል። ጸጸት የሚመጣው ሰው በደል ሠርቶ ሲሆን ነው። ቁጭት ግን እጅ ላይ የነበረ ነገር ሲያመልጥ ነው። ቁጭት ውስጥ እልህ አለ፤ «በቁጭት ተነሳ» የምንለው ለዚህ ነው። «በጸጸት ተነሳ» የሚል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ጸጸት አንገት ያስደፋል እንጂ አያስነሳም። ከጸጸት የሚያወጣው ይቅርታ መጠየቅ፣ መካስ ወይም ንስሐ ነው። ጣቱን የነከሰ ሰው ግን የተቆጨም የተጸጸተም ሊሆን ይችላል። ዘይቤው ሁለቱንም ይሸከማል።

ዓይናቸው በሰውየው ላይ የሆነው ደግሞ «እፍረት» እና ዘመዶቹ ናቸው። «መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ» የሚል ሰው ስለ ሥራው አይደለም የሚያወራው። ራሱ እንዲጠፋ ነው የሚመኘው። «ተሸማቀቅኩ» ላይም እንዲሁ ነው፤ የሚያንሰው ሰውየው ነው።

«ይሉኝታ» ከዚህ ቡድን ጋር ሲቆጠር አያለሁ። እኔ ለየት አድርጌ ነው የማስቀምጠው። ቃሉ ራሱ «ይሉኛል» ነው፤ ሰዎች ምን ይሉኛል። ይሉኝታ ሌላ ሰው ከሌለ አይሠራም። ከሥራው በፊት የሚይዝ ነገርም ነው። እህታችን የጠየቀችው ሰውዬ ግን ማንም አላየውም። የሚለው ሰው የለም። ስለዚህ ይሉኝታ ለእሱ አይሆንም፤ «ህሊና» ነው የሚሆነው። ህሊና ከግዕዝ የመጣ ነው። መሠረቱ ማሰብ ማለት ነው፤ በአማርኛ ደግሞ ፈራጅ ሆኗል። «ህሊናዬ ወቀሰኝ» እንላለን። እዚህም ወቃሹ እኔ አይደለሁም። እኔ ተወቃሽ ነኝ።

አስተያየት፦

«ራሴን ታዘብኩት» የሚለውን ማንም ያላነሳው ለምንድን ነው? እኔ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። ጓደኞቼ ሁሌ ይሉታል። «ትናንት ያልኩትን ሳስበው ራሴን ታዘብኩት»።

መልስ፦

አንተ ልጅ ተባረክ፤ ልደርስበት እያልኩ ነበር። ለእኔ ይህ የዚህ ሁሉ ውይይት ዋና ቃል ነው።

«ታዘበ» ማየት ብቻ አይደለም። ዝም ብሎ አይቶ በልብ መፍረድ ነው። የታዘበ ሰው አይቆጣም። አይሳደብም። ብዙ ጊዜ አይናገርምም። ግን ያየውን አይረሳም፤ ለሰውየው የነበረው ግምትም ይወርዳል። ለዚህ ነው «ታዝቤሃለሁ» መባል ከስድብ በላይ የሚያመው። ስድብ ቢያንስ መልስ ይሰጡታል። ለትዝብት ምን መልስ አለ? «ትርፉ ትዝብት ነው» የሚባለውም ለዚህ ነው። ነገሩ ካለፈ በኋላ የሚቀረው ያ ዝምተኛ ፍርድ ነው። የምርጫ ታዛቢ የሚባለውም ከዚሁ ግስ ነው። ታዛቢ ዳር ቆሞ ያያል። አይገባበትም። ያየውን ግን ይይዛል።

እንግዲህ ይህን ቃል በራስ ላይ አዙሩት። «ራሴን ታዘብኩ» ሲል ሰው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ሠርቷል። ሌላው ዳር ቆሞ አይቶታል። ጩኸት የለም፣ እርግማን የለም። ግምት ብቻ ወረደ። «ከራሴ ይህን አልጠብቅም ነበር» የሚለው ሙሉ ዓረፍተ ነገር በአንድ ግስ ውስጥ ገባ። ሌላም ነገር አለው፤ የታዘበው ክፍል ንጹሕ ነው። ሰውየው ገና አልጠፋም ማለት ነው። ራሱን መታዘብ የቻለ ሰው ትክክሉ የት እንደነበረ ያውቃል። «ራሴን እጠላለሁ» ውስጥ ይህ የለም፤ እዚያ ሁሉም ተጠልቷል።

እህቴ፣ ለባለታሪክሽ እኔ ብሆን «ራሱን ታዘበ» ብዬ እጀምራለሁ። ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድና ነገሩ ሲከብደው «ራሱ አስጠላው» እላለሁ። ታሪኩ ወደ ባሰ ነገር ከሄደ «ራሱን ተጸየፈ» አለልሽ። ይህኛው ከባድ ነው። መጸየፍ ሥጋን ይነካል፤ የሸተተ ወይም የበሰበሰ ነገር ሲያጋጥም ሰውነት የሚያሳየው ሽሽት ነው። በራሱ ላይ የደረሰበት ሰው የሚሸሽበት የለውም። አንድ ጊዜ ብቻ ተጠቀሚበት። ሁለት ጊዜ ከጻፍሽው ኃይሉን ያጣል።

ጥያቄ፦

አመሰግናለሁ፣ በጣም ረድታችሁኛል። አንድ ልጨምር። በዚያው ታሪክ ውስጥ አንዲት እናት አለች። ልጇን ስትለምነው ራሷን ክፉኛ ዝቅ የምታደርግ ዓይነት ንግግር ትናገራለች። «አፈር ስሆን» ብዬ ተረጎምኩት። ይህም ራስን መጥላት ይመስላል ብሎ አንድ ሰው አረመኝ።

መልስ፦

ያረመሽ ሰው ተሳስቷል። በዚህ ላይ አጥብቄ ነው የምከራከረው። «አፈር ስሆን»፣ «ልሙትልህ»፣ «እኔን ይድፋኝ»፣ «እኔን ያስቀድመኝ»፤ እነዚህ ሁሉ ቃል በቃል ሲታዩ በራስ ላይ የተነገረ እርግማን ይመስላሉ። ትርጉማቸው ግን ፍቅር ነው። ተናጋሪዋ ራሷን ያቀረበችው ራሷን ስለምትንቅ አይደለም። ካላት ሁሉ ውድ የሆነውን ማቅረቧ ነው። የሚጠላ ነገር ለመማጸኛ አይቀርብም። በአማርኛ እናት ለልጅ፣ ታላቅ ለታናሽ፣ ለማኝ ለተለማኝ እንዲህ ሲል ሰምተን ያደግን ሁሉ ይገባናል። ከውጭ ሆኖ ቃሉን ብቻ የሚያይ ነው የሚደናገጠው።

ልዩነቱን ማወቂያው ቀላል ነው። በፍቅሩ እርግማን ውስጥ ሁልጊዜ «ላንተ» ወይም «ላንቺ» አለ፤ ተቀባይ ሰው አለው። በጥላቻው እርግማን ውስጥ ማንም የለም። «ምነው ባልተፈጠርኩ» የሚለው ለማንም አልተባለም።

ትሕትናም እንዲሁ ሳይለይ ይቀራል። «ራሱን ዝቅ አደረገ» ማለት ራሱን ናቀ አይደለም። ሃይማኖቱ «ራሱን ይካድ» ሲልም ጥል አይደለም፤ የራስን ፈቃድ መተው ነው። ትሑት ሰው ስለ ራሱ ብዙ አያስብም። ራሱን የሚንቅ ግን ከራሱ ሌላ ማሰብ አይሆንለትም።

«ራሱን አቀለለ»ንም አብራችሁ ያዙ። ይህ ስሜት ሳይሆን ተግባር ነው። በአማርኛ ክብር ክብደት ነው፤ ሰው «ከባድ ነው» ይባላል፣ «ቀለለ» ይባላል። «ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም» የሚለው ተረት የመጣው ከዚህ ነው። አሞሌ ጨው ገንዘብ በነበረበት ዘመን ባለቤቱ ያዋረደውን ማን በሙሉ ዋጋ ይቀበላል? ተረቱ ለወቀሳ ሲውል እሰማለሁ። እኔ ግን ውስጡ ያለው ርኅራኄ ነው የሚታየኝ። ራሱን ያራከሰ ሰው ሌላውም እንዲያራክሰው በር እንደሚከፍት ያስጠነቅቃል።

አስተያየት፦

እኛ ደግሞ «ሼም ያዘኝ» እና «ራሴ ደበረኝ» እንላለን። እነዚህስ የት ይገባሉ? ወይስ አማርኛ አይደሉም ትሉናላችሁ?

መልስ፦

ማን እንዲህ ይላል? ሰው ከተናገራቸውና ከተግባባባቸው አማርኛ ናቸው። «ሼም ያዘኝ» ቀለል ያለ ነው፤ ሰው ፊት የሚሰማ መሽኮርመም ነው። ጓደኛን ለሸጠ ሰው አይሆንም። «ደበረኝ» ግን ሰፊ ነው። መሰልቸትም፣ መከፋትም፣ መናደድም ይሆናል። ስፋቱ ለጨዋታ ይመቻል። ለጽሑፍ ያስቸግራል።

እግረ መንገዴን ስለ «ድብርት» ላንሳ፤ ምክንያቱም ቃሉ ሁለት ሥራ ይዟል። በንግግር የሰዓታት ነገር ነው። በሐኪም ቤት ግን የሕመም ስም ነው። በሕክምናው አቆጣጠር ዘጠኝ ምልክቶች አሉት። ከእነሱ ቢያንስ 5ቱ ለ2 ሳምንት አብረው ሲታዩ ነው የሚባለው። ከዘጠኙ አንዱ ራስን ዋጋ ቢስ አድርጎ ማየት ወይም ከልክ ያለፈ የጥፋተኝነት ስሜት ነው። የሥነ ልቦና ትንተና መሥራቹ ፍሮይድም እ.ኤ.አ. በ1917 ባሳተመው ጽሑፍ ሐዘንና ይህን ሕመም ሲለይ፣ ሐዘንተኛው ዓለም ባዶ ሆና እንደምትታየው፣ ለታመመው ግን ባዶ የሚሆነው ራሱ እንደሆነ ጽፏል። እዚህ ላይ ነው «ራሴ አስጠላኝ» እና «ራሴን እጠላለሁ»ን መለየት ከቋንቋ ጨዋታ የሚያልፈው። ሰው ስለ ሥራው ሲናገር «አጠፋሁ» ይላል። ስለ ራሱ ሲናገር «ምንም የማልረባ ነኝ» ይላል። ሁለተኛውን እየደጋገመ ሳምንታት የቆየ ወዳጅ ካላችሁ ቃሉን አታርሙለት። አብራችሁት ቁጭ በሉ፤ ወደ ሐኪምም አብራችሁት ሂዱ።

«የበታችነት ስሜት»ን ከዚህ ጋር አትቀላቅሉት። እሱ ንጽጽር ይፈልጋል፤ ከማን በታች? በአልፍሬድ አድለር ሐሳብ የተስፋፋ የሥነ ልቦና ቃል ነው። የእህታችን ባለታሪክ ራሱን ከማንም ጋር አላወዳደረም።

ጥያቄ፦

የመጨረሻ ጥያቄ ነው፣ ይቅርታ። «ራሱን» ነው ወይስ «እራሱን»?

መልስ፦

ሁለቱም ይጻፋሉ። መነሻው የግዕዙ «ርእስ» ነው፣ ጭንቅላት ማለት። ስለዚህ በጽሑፍ «ራስ» ይቀርበዋል። ስንናገር «ር» ፊት ላይ ብቻዋን መቆም ስለሚከብዳት «እ»ን እናስቀድማለን፤ «ሩቅ»ን «እሩቅ» እንደምንለው። በትረካው «ራሱን» ብለሽ ጻፊ። ባለታሪኩ በአፉ ሲናገር «እራሴን» ቢል ደግሞ ያምርበታል። ብቻ «ራሱን አመመው» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለሽ ተጠንቀቂ፤ አንባቢው ራስ ምታት ነው የሚለው።